ንገርልኝ

ወደ ባሕር የሚወርደው የነጋዴ መንገድ የሚታጠፍበት ጉብታ ንገርልኝ ይባላል። ስሙን ያተረፈለት ቡድሃ የሚሉትን መምህር የሚከተል፣ ከሩቅ ደሴት የመጣ መነኩሴ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች፤ ይህን ሲሉም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እንደሚነገረው፣ የዚያ ደሴት ንጉሥ ጉብታው ካለበት አገር ገዥ ጋር መወዳጀት ፈለገና ጦር የታጠቀም ወርቅ የተሸከመም ሳይሆን አንድ መነኩሴ ላከ፤ የእምነት ሰው ልብ ያራራልኛል ብሎ ነው አሉ። መነኩሴው እንደኛዎቹ መነኮሳት ወይባ ለብሶ፣ ባዶ ጎድጓዳ ሳሕን ይዞ ከገዥው አዳራሽ ቀረበ። አስተርጓሚው ሣህለ ድንግል ነበር። ይህ ሰው በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ በየደጁ እየለመነ የተማረ፣ ባቱንም ውሻ የነከሰው ሲሆን፣ ከገዥው ቤት ከገባ ወዲህ ግን የባላባት ልጅ ነኝ እያለ ጠባሳውን በሱሪ ሸፍኖ ይኖር ነበር።

መነኩሴው ሳሕኑን ዘርግቶ፣ «እኛ መምህራችን እንዳስተማረን ለምነን የምናድር ነን። ንጉሤ የላከኝ ከማዕዳችሁ እንድቀምስ ነው፤ ካጎረሳችሁኝ ሁለቱ አገሮች ተወዳጁ ማለት ነው» አለ።

«ለምነን» የምትለው ቃል የሣህለ ድንግልን ጆሮ አጋለችው። ሰው ሁሉ ባቱን የሚያይ መሰለውና ቶሎ ለመገላገል፣ «ለማኝ ነኝ ይላል» ብሎ የቀረውን ሳይተረጉም ተወው።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የገዥው ፊት ግን ጠቆረ።

«ለማኝ የሚልክብን ምን ያህል ቢንቀን ነው! አውጡልኝ!»

አንዱ ሎሌም ለመሳለቅ ሳሕኑን አመድ ሞላበት።

ሣህለ ድንግል እንዲሸኘው ታዘዘ። ጉብታው ላይ ሲደርሱ መነኩሴው አመዱን እያየ፣ «ይህ በእናንተ ዘንድ የወዳጅነት ምልክት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሣህለ ድንግል በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ አፉ ግን «አዎ» አለ። መነኩሴው ደስ ብሎት አመዱን በልብሱ ጫፍ ቋጠረና፣ «በደንብ አስተርጉመህልኛል፤ ለጌታህም ምስጋናዬን ንገርልኝ» ብሎ እጅ ነስቶት ወረደ።

አስተርጓሚው ወደ አዳራሹ አልተመለሰም። የክብር ልብሱን ጥሎ፣ ባቱን ገልጦ በየደጁ ይለምን ጀመር፤ ማን ነህ ሲሉትም፣ «መልእክት ያበላሸሁ ሰው ነኝ» ይልና የመነኩሴውን ቃል አንድ ሳያስቀር ይነግራቸው ነበር ይባላል። መነኩሴው የተሳፈረበት መርከብ ግን ከሄደ ቆይቶ ነበር።

ዛሬም በዚያ አገር የቆሎ ተማሪ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የቤቱ እመቤት ወጥታ «ማን ልኮህ ነው?» ትለዋለች። ተማሪው እንግዳ ነውና፣ ከመነኩሴው ወዲህ ለማኝን ሁሉ እንደ መልእክተኛ የመቀበል ልማድ እንዳለ አያውቅም።

«ማንም አልላከኝም እማማ፤ ርቦኝ ነው።»

እሷም አንገቷን ደፍታ አኮፋዳውን በሁለት እጇ ትቀበለዋለች።