የአንጓች ክንድ

አሞራ ወንበር በምትባለው የደጋ መንደር ያለ ጎተራ ሁሉ በጎኑ ላይ የሴት ክንድ ብቻ የምታሳልፍ፣ በጨርቅ የምትደፈን ቀዳዳ አለችው። ቀዳዳዋን «የአንጓች ክንድ» ይሏታል። ክረምቱ ሲገባ ጎረቤት ሴት መጥታ ጨርቁን ትነቅልና ክንዷን እስከ ብብቷ ታስገባለች። ከዚያ በፊት ግን የጎተራው ባለቤት፣ እህሉ እንደ ጠጠር የደረቀ ቢሆን እንኳ፣ አንገቱን ደፍቶ «የኔ እርጥብ ነው» ማለት አለበት። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። አገሬው ግን አይስቅም፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ሥሩን ሽማግሌዎቹ እንዲህ ሲሉ ይናገራሉ።

ዘመኑን በውል የሚያውቅ የለም። በዚያች መንደር ጓሉ የሚባል ጎተራ ሠሪ ነበረ ይባላል። ልምጩን ሲጎነጉን፣ ጭቃውን ከእበትና ከጭድ ጋር አቡክቶ ሲመርግ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ ነበር። በአንድ ግንቦት ያልታሰበ ዝናብ ወረደና የሰዉ ጎተራ ክዳኑ ገና ሳይታደስ አፈሰሰ። ያላፈሰሰው የጓሉ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹም ተመካክረው የመንደሩ የስንዴ ዘር በሙሉ ወደ እሱ ጎተራ እንዲገባ ወሰኑ። ቀለብ ቢበላሽ በጎመንም ቢሆን ይታለፋል፤ ዘር ከጠፋ ግን የከርሞው ሰው ምን ይበላል?

እንደሚነገረው አባወራው ሁሉ ስልቻውን ተሸክሞ መጣ። የስልቻው አፍ ደረቅ፣ ታቹ ግን እርጥብ ነበር። ክዳኑን ሳያድስ ዝናብ የቀደመው ሰው ሰነፍ ይባላልና አንድም ሰው አልተናገረም፤ ሁሉም በልቡ «ከዚህ ሁሉ ደረቅ መካከል የኔ አንድ ስልቻ ምን ያደርጋል» እያለ ገለበጠ። ጓሉም አልጠየቀም፤ የሰው እህል መፈተሽ ባለቤቱን እንደ መድፈር ይቆጠር ነበርና። ጎተራውን ዘጋ፣ ደግሞ ደጋግሞ መረገ፣ በክዳኑ ላይ የበሬ ቆዳ አለበሰ፣ ከዚያም በሕዝቡ ፊት «አንዲት ጠብታ ከገባች የጓሉ ስም ከዚህ አገር ይጥፋ» ብሎ ማለ።

በሰኔ፣ ሚስቱ አንጓች ውኃ ቀድታ ስትመለስ ዶፍ ያዛትና ከጎተራው ክዳን ሥር ተጠለለች። ጀርባዋን ብታስደግፍ ግድግዳው ትኩሳት እንደያዘው ሰው ገላ ይፋጃል። ደንግጣ ባሏን ጠራችው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ጎተራው ያተኩሳል።»

«ደህና አድርጌ ስለመረግሁት ነዋ። ንፋስ የት ገብቶት ይቀዘቅዛል?»

«እንክፈተው።»

«የዘር ቀን ሳይደርስ በክረምት ጎተራ ከፍቼ የአገሩን በረከት ላስነሣ?»

እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። ስለ መንደሩ ልጆች ፈራች፤ እሷም ሁለት ነበሯት። ከሽማግሌዎቹ ታላቅ ወደነበሩት ወደ አያ መኳንንት ሄዳ «አባቴ፣ ያን ቀን ያመጡት ዘር ደረቅ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እሳቸውም መሬት መሬት እያዩ «የኔማ ደረቅ ነበር፤ የሌላውን እንጃ» አሏት።

በየቤቱ ብትዞር በየቤቱ የመለሱላት ይህንኑ ነው።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ጓሉ ወደ እርሻ ሲወርድ አንጓች በማጭድ የጎተራውን ጎን በሳችና ክንዷን ሰደደች። ያወጣችው የበቀለ፣ የሻገተ፣ እንደ ሊጥ የተጣበቀ ስንዴ ነበር። ጮኸች። ሰዉ ሲደርስ ያየው ግን አንዲት ሴት በክረምት የአገሩን የዘር ጎተራ በስታ እስከ ብብቷ ገብታበት ነው።

አያ መኳንንት ቀድመው «በረከቱን ያነሣችው እሷ ናት» አሉ።

«ዝናብ አልገባበትም» አለች አንጓች። «ውኃውን በስልቻ ያመጣችሁት እናንተው ናችሁ።»

ጓሉ ከእርሻ ሮጦ መጣ፤ ወደ ክዳኑ ወጥቶ ቆዳውን ገለጠና አየ። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሥራው እንከን እንደሌለበት ካየ በኋላ ወርዶ ዝም አለ፤ ሚስቱን ቀና ብሎ አላያትም። ይህች ዝምታ ከሁሉ የከፋች ነበረች ይላሉ። በዚያው ዝናብ ከልጆቿ ለይተው ወደ ወላጆቿ አገር ሰደዷት፤ ከመንደሩ በታች ያለው ወንዝ ሞልቶ ነበርና ወሰዳት። ሬሳዋም አልተገኘም።

ያን ዓመት እርሻው ዘር ሳያይ አለፈ። ረሀቡ በመጀመሪያ ሕፃናቱን፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹን ወሰደ፤ ከአንጓች ልጆች አንዱም አልተረፈም። አያ መኳንንት ሊሞቱ ሲያጣጥሩ «የኔ እርጥብ ነበር» አሉ። ከአልጋው ዙሪያ የተቀመጡት ተያዩ። አንዱ «የኔም» አለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው።

ጓሉም ይህን ሰማ። የተረፉት ከሩቅ አገር ዘር ለምነው ሲመለሱ ጎተራ ሥራልን አሉት። ሠራላቸው፤ ነገር ግን በሁሉም ጎን የሚስቱን ክንድ ያህል ቀዳዳ ተወ፣ ባለቤቱ «የኔ እርጥብ ነው» ሳይልም የአንዱንም አፍ አልዘጋም። እስኪሞት ድረስ «የኔ እርጥብ ነው በል» ከማለት ሌላ ነገር ሲናገር የሰማው የለም ይባላል።

ዛሬም ሴቲቱ ክንዷን አውጥታ መዳፏን ታሸታለች። ደርቆ እንደሆነ «ደረቅ ነው» ትላለች፤ ረጥቦ እንደሆነ ማንም ባለቤቱን አይነቅፈውም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በየምድጃው ዙሪያ ያሰጣለታል። አሮጊቶቹ ግን መዳፋቸውን ካሸተቱ በኋላ ወዲያው አይናገሩም። መጀመሪያ ወደ ወንዙ ያያሉ፤ ባለቤቱም አንገቱን እንደደፋ ይጠብቃቸዋል።