የዳርቻው ባለቤት

በላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ አሸዋ ውስጥ የጠፋ ቀለበትና ቁልፍ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ እየፈለገች የምትተዳደር አንዲት ሴት ነበረች። መሣሪያዋን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው፤ ሥራ ስትጨርስ የያዘውን አሸዋ በንጹሕ ውሃ አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃና ባትሪውን አውጥታ ነው ወደ ቤቷ የምትገባው።

አንድ ቀን እንደ ልማዷ ስታጥበው በዳርቻው ላይ ያለው ሆቴል ባለቤት አቶ ጎበዜ ሁለት ዘበኞች አስከትለው መጡና መሣሪያውን ነጠቋት።

«ይህ ዳርቻ የኔ ነው!» አሉ፣ እንግዶቹ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከዚህ አሸዋ ያወጣሽውን ሁሉ አምጪ። ያለዚያ መሣሪያሽን አታገኚውም!»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም! የዛገች ሚስማር እንኳ ብትሆን የኔ ናት!»

ሴትዮዋ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለች ረጅም የዛገች ሚስማር አወጣችና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«እሰይ፣ የሚስማሯ ባለቤት ተገኙ! ይህችን ትናንት ያወጣኋት የወረዳውን ዳኛ እግር ከወጋች በኋላ ነው። ዳኛው ሐኪም ቤት ተኝተው ‹የማን ናት?› እያሉ ነው። እርስዎ ይነግሯቸዋል ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

አቶ ጎበዜ መሣሪያውን በገዛ እጃቸው መለሱላት። ዳርቻው የመንግሥት መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩትም ያን ዕለት ነው።