ሊሉማና ቅርጭጥ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ከአንድ ገደል ሥር የሚኖሩ በጎችና ፍየሎች ውኃ ፍለጋ ሩቅ ወንዝ መውረድ ግድ ሆነባቸው። ግልገሎቻቸው ግን መንገዱን አይችሉትም። «ከልጆቻችን ጋር የሚውል ጠባቂ እንፈልግ» ተባባሉ።

ይህን የሰማ ቀበሮ ከተፍ አለ።

«ከማዶ ሁለት ሥራ ፈላጊዎች አሉ። አንዱ ሊሉማ ይባላል፤ ሌላው ቅርጭጥ። የቱን ልጥራላችሁ?»

የመንጋው ታላቅ የሆነችው በግ፣ እትዬ ይመኙ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ሁለቱንም ስሞች አላመጠቻቸው።

«ሊሉማ... እንዴት ደስ ይላል! እንደ ለብ ያለ ወተት ይወርዳል። ቅርጭጥ ግን አጥንት ሲቆረጠም የሚሰማ ድምፅ ነው። ሊሉማ ይምጣልን።»

«ፊቱን እንኳ ሳናይ?» አለች አንጓች የምትባል ፍየል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰማሽም?»

ቀበሮ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ሊሉማ የሚባል ፍጥረት አልነበረም። ስሙን ፈጥሮ ለአያ ጅቦ ያወጣለት ራሱ ነው፤ ከሚገኘው ሥጋም ሊካፈሉ ተስማምተዋል። «ዓይን አፋር ስለሆነ፣ ነገ እናንተ ስትወጡ ይደርሳል» ብሎ ሄደ።

ቅርጭጥ ግን በእርግጥም ነበረ፤ ጌታው ሞቶበት ብቻውን የቀረ ሽማግሌ አህያ ነው።

«ምን አጥፍቼ ነው ያልፈለጉኝ?» ሲል ቀበሮን ጠየቀው።

«ምንም። ስምህ ጆሮ ይቧጭራል።»

አህያው አንገቱን ደፋ። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ነበረች፤ ከእሷ አፍ ሲሰማው ክፉ ስም መስሎት አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት እናቶቹ ወደ ወንዝ ወረዱ። አንጓች ግን ሆዷ አላስችል ብሏት ከመንገድ ተመለሰች። የጉሮኖው በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ ግልገሎቹ ይንጫጫሉ።

«ሊሉማ! አቶ ሊሉማ!»

በሩን በቀንዷ ነቀነቀችው።

«ኧረ ሊሉማ!»

ጅቡ የትኛውን እንደሚያስቀድም ሲያማርጥ፣ የተሰጠውን ስም ጭራሽ ረስቶታል። በመጨረሻ ጥሪው አሰለቸውና ጮኸ፦ «አትበጥብጪኝ! እዚህ ሊሉማ የሚባል የለም፤ ያለሁት እኔ ጅቡ ብቻ ነኝ!»

«የአገር ያለህ!» አለች አንጓች።

ቅርጭጥ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ደረቅ ሣር ይለቅም ነበር። አህያ ጅብን እንዴት እንደሚፈራ የታወቀ ነው፤ እሱም ሊሸሽ ዞረ። ግን የግልገሎቹን ለቅሶ እየሰማ ማለፍ አልሆነለትም። በሩን በደረቱ ገፍቶ ገባ። ጅቡ ጭኑን ሲነክሰው፣ ዞሮ በኋላ እግሮቹ መንጋጋው ላይ ርግጫ አቀመሰው። ጅቡ ጥርሱን እየተፋ ሸሸ። ድርሻውን ሊቀበል ከድንጋይ ኋላ ያደባው ቀበሮም ከእሱ ቀድሞ ጠፋ።

እናቶቹ ሲመለሱ አንጓች የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ማን እንበልህ፣ ወንድሜ?» አለችው እትዬ ይመኙ፣ ቁስሉን እየላሰችለት።

«ስሜን ባልናገር ይሻላል።»

«ስለ ልጆቻችን ብለህ ንገረን።»

«ቅርጭጥ።»

እትዬ ይመኙ ከፊቱ ተንበረከከች። «አጥፍቻለሁ» አለች፤ «ጆሮዬን አምኜ ልጆቻችንን ላስበላ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አህያው ከእነሱ ጋር ኖረ። አፋቸው ገና ያልፈታ ግልገሎች ስሙን መጥራት ቢያቅታቸው «አባባ ቅልችት» እያሉ፣ ቀትር ላይ ጥላው ሥር ይተኛሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ የስም ጣዕም ለጆሮ እንጂ ለልብ ምስክር እንደማይሆን ነው።