ሁለት ወረቀት፣ አንድ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ አንድ ሥራ የሚፈልጉ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ ሥራ ስል አንድ ማለቴ ነው። አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የካሳ ጥያቄዎችን እያነበበ የሚመረምር ጀማሪ ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ። ከተማው ውስጥ ዲግሪ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ማስታወቂያው ሥር ተሰበሰበ፤ ከድጃ፣ አበጋዝና ይመርም እየተጋፉ አነበቡ። ወሬውን በከድጃ በኩል አወራላችኋለሁ፣ የእሷን ነገር አብልጬ ስለማውቅ ነው። አድልቷል ብላችሁ ግን አትጠርጥሩኝ።

ከድጃ ያን ጊዜ ፓስፖርቷ ወጥቶ ነበር። ደላላው ጅዳ ለሰው ቤት ሥራ የምትሄድበትን ቀን ቆርጦላታል። ማስታወቂያውን ያየች ዕለት ግን ደወለችና «ቦታዬን ለሌላ ስጠው» አለችው። እናቷ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አላናገረቻትም። ሥራው ካመለጣት ተመልሳ ደላላው ደጅ መቆሟ ነው። ከጅዳ የተመለሰችው ታላቅ እህቷ ደግሞ ሰው ከኋላዋ ሲመጣ እንዴት እንደምትደነግጥ ከድጃ በየቀኑ ታያለች። ስለዚህ ፈራች፣ ፈርታም አጠናች።

ፈተናው «ቨርባል» የሚሉት ዓይነት ነው። አጭር አንቀጽ ይሰጣል፤ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል፤ ተፈታኙ «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «ከአንቀጹ አይታወቅም» ብሎ ይመልሳል። ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ስንቱን የማዕረግ ተመራቂ አንገት እንዳስደፋ የወደቀ ያውቀዋል።

ሦስቱ በወንፈል ሊያጠኑ ተስማሙ። ገበሬ ዛሬ ሁላችን ያንተን ማሳ፣ ነገ ሁላችን የእኔን እንደሚለው፣ እነሱም አንድ ቀን የአንዱን ድክመት ሦስት ሆነው ያርማሉ፣ በማግሥቱ የሌላውን። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። በወንፈል ግን ሁሉም የየራሱ ማሳ አለው፤ የእነሱ ማሳ አንድ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ ማንም አላነሳም።

አበጋዝ ፈልጎ የማያጣ ልጅ ነው። የፈተናው መለማመጃ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አበጋዝ ሊያገባት ሽማግሌ የላከባት የሰዓዳ ወንድም። ሰውየው ጥራዙን ሲሰጠው «ላንተ ብቻ ነው፣ ለማንም እንዳታሳይ» ብሎ አስማለው። አበጋዝም ማለ። ከዚያ በቀጥታ ከድጃ ቤት መጣና ምንጣፉ ላይ ዘረገፈው።

«ምለህ የለም እንዴ?» አለችው ከድጃ።

«ምያለሁ። ብቻዬን ባጠና ግን ይብስ ያመኛል። አንሱና ጀምሩ።»

ደሴ ወሬ አያድርባትም። የሰዓዳ ወንድም ደወለና «የላክሃቸውን ሽማግሌዎች ረስቻቸዋለሁ። ሥራ ሳትይዝ ደጃችን እንዳትደርስ» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። አበጋዝ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ጥያቄው ተመለሰ፤ ፊቱ ግን ቀኑን ሙሉ እንደጠቆረ ዋለ።

ከድጃ ደግሞ የማንበቡን መንገድ አገኘች። ጥራዙ ውስጥ አንድ ጥያቄ ነበር። የአቶ ጌታሁን ጎረቤት እንዳረፉና አቶ ጌታሁን ለቅሶ እንዳልደረሱ ይናገራል። ከሥሩ፣ «አቶ ጌታሁን ከጎረቤታቸው ጋር ተጣልተው ነበር» ይላል።

«እውነት!» አለ አበጋዝ ወዲያው። ይመር ለረጅም ጊዜ አሰበና እሱም «እውነት» አለ።

«ታመው ቢሆንስ?» አለች ከድጃ።

«የታመመ ሰው ይልካል።»

«ልከው ቢሆንስ?»

«እንዲያማ ቢሆን ይነግሩን ነበር!»

«ማን?»

«ወረቀቱ ነዋ!» አለ አበጋዝ፣ ተናዶ። ይመር ሳቀ። ከድጃ ግን አልሳቀችም፣ የሚወድቁበት ጉድጓድ ቁልጭ ብሎ ታያት። በደንብ ያደገ ልጅ ያልተነገረውን መስማት ይማራል፤ ማን ለቅሶ ቀረ፣ ለምን ቀረ፣ ሁሉን ሳይነግሩት ያውቃል። ፈተናው የሚጥለው እሱኑ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አገር ትናንት የገባችሁ እንግዶች ናችሁ» አለቻቸው። «ለቅሶ ምን እንደሆነ አታውቁም። ጎረቤት ምን እንደሆነ አታውቁም። የምታውቁት ወረቀቱ የነገራችሁን ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቀናት ጥያቄ እያወጣች፣ ስህተታቸውን እያሳየች፣ የተምታታባቸውን ደግማ ደጋግማ እያስረዳች አሳለፈች። ስለ ራሷ የምታውቀው አንድ ጉድለት ነበር፣ ሰዓት ያጥራታል። በወንፈሉ ደንብ የእሷም ተራ መድረስ ነበረበት። አልደረሰም፤ እሷም አልጠየቀች።

ይመር ዝምተኛ ነው፣ ሲያነብም ቀስ ይላል። ማስታወቂያው የተወሰኑ ዓመታት ተመራቂዎችን ብቻ ይቀበላል፤ የእሱ ዓመት ከሁሉ የቆየችው፣ የመጨረሻዋ ናት። ከእንግዲህ የሚወጣ ማስታወቂያ ሁሉ እሱን አልፎ ነው የሚጀምረው። ይህን አንድ ጊዜ ተናግሮ ዳግም አላነሳውም።

የፈተናው ጠዋት አበጋዝ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ከድጃና ይመር በሩ ላይ ሲደርሱ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቁ። ከድጃ ቦርሳዋን ከፈተች፤ በረበረችው፤ ገለበጠችው። የለም። በዋዜማው ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ስታስነሳ ማሽኑ ክዳን ሥር ረስታዋለች። እኛ አገር ሌባ ከሚወስደው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚቀረው ሳይበልጥ አይቀርም። «ፎቶ ኮፒ ቤት ረሳሁት!» አለች።

«ያለ መታወቂያ አላስገባም፣ ልጄ» አሉ ዘበኛው።

ይመር የራሱን መታወቂያ አውጥቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ የእኔን መያዣ ያድርጉና እሷን ያስገቧት። የሷን ይዤ እስክመጣ እኔ አልገባም። ካልመጣሁ ጎትታችሁ አስወጧት።»

ዘበኛው አመነቱ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። ከድጃ እምቢ ልትል ፈልጋ ነበር። እግሯ ግን ቀድሟት ገባ። ዞር ስትል ይመር ዳገቱን በሩጫ እየወጣ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የይመር ወንበር ባዶውን ቆሞ ታያት። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሁለቴ አነበበች፣ ምንም አልገባትም። «አሁን ብወድቅ የሮጠው በከንቱ ነው» ብላ ራሷን ተቆጣችና ብዕሯን ጨበጠች። ሰዓቱ ከተጋመሰ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ ይመር ላቡ እየወረደ ገብቶ ተቀመጠ። ቀና ብሎ አላያትም።

ውጤቱ ሲወጣ ሦስቱ ተጠሩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ተናኘ ነገሩን ሳያድበሰብሱ ነገሯቸው። አበጋዝና ከድጃ እኩል አንደኛ ወጥተዋል። ይመር ሦስተኛ ነው፤ ግማሹን ብቻ ሠርቷል፣ ከሠራው ግን አንድም አልሳተም። ለምን እንደዘገየም ዘበኛው ነግረዋቸዋል።

«ያለኝ አንድ ወንበር ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «ኮሚቴው እኩል ውጤት ሲያይ ማስታወቂያው ተሰርዞ እንደ አዲስ ይውጣ ብሏል። እስከ ምሳ ሰዓት አስታግሻቸዋለሁ። ከሦስታችሁ ሁለታችሁ በፈቃዳችሁ ከተዋችሁት፣ የቀረውን ሰው እንዳልቀጥር ማንም ሊከለክለኝ አይችልም።» ራሴን አግልያለሁ የሚል ሁለት ወረቀት ሰጥተው ወደ ኮሪደሩ ሸኟቸው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወረቀቶቹን መሐል ላይ አስቀመጧቸው። እንደ አዲስ ከወጣ የከተማው ሰው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፣ ይመርም ከደጅ ይቀራል። ይህን ሦስቱም ያውቁታል።

«ጥራዙን ባላመጣ ኖሮ የጥያቄውን መልክ እንኳ አታውቁትም ነበር» አለ አበጋዝ። «ቃሌን ያፈረስኩት ለእናንተ ነው። ሰዓዳን ያጣሁት ለእናንተ ነው።»

«ማንበቡን ያሳየሁህ እኔ ነኝ» አለች ከድጃ። «የራሴን ተራ አንድ ቀን እንኳ ጠየቅኳችሁ?»

«አልጠየቅሽም።»

«አንተስ ይመር?» አለች ከድጃ።

«የሮጥኩት ውለታ ላስቆጥርባችሁ አይደለም» አለ ይመር። «ደግሞ ሥራውን አልፈልግም ብዬ አልዋሽም። ከዚህ በኋላ የማንኳኳው በር የለኝም።»

ከድጃ ይህን ስትሰማ አፈረች። ያፈረችው እያዘነችለትም ሥራውን እንደዚያው አጥብቃ ስለፈለገችው ነው። እህቷ ታየቻት። ይመር ዳገቱን ሲወጣም ታያት። አበጋዝ ብዕሩን አንስቶ ወደ አንዱ ወረቀት አስጠጋው፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው። ከድጃም እጇን ዘረጋች፣ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ይመር ዓይኑን ጨፈነ።

በሩ ተከፈተና ጸሐፊዋ ብቅ አለች። «ሰዓቱ ደርሷል። ሁለቱን ወረቀት አምጡ፤ የቀረው ሰው ይግባ» አለች።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። ስትከራከሩ ብቻ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ ናቸው፣ ይሰሟችኋል። ለጓደኞቹ ሲል መሐላውን ያፈረሰው አበጋዝ ይግባ? የራሷን ተራ ትታ ሌላውን ያበቃችው ከድጃ ትግባ? ወይስ በራሱ መታወቂያ ለሰው በር ያስከፈተው ይመር? ጸሐፊዋ በሩን ይዛ ቆማለች፤ ወንበሩ ለማን ይገባል ትላላችሁ?