ለጥላ የተሰፋ ድንኳን

በሐምሌ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በዚያ ዕለት በሞተ አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የሟቹ ልጅ ሙዘይን ነበረ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ አቶ ላምቤቦ ነበሩ። ድንኳን ተሸክመው የመጡ ጎረምሶች ነበሩ። የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ፤ ወይዘሮ ምትኬም ከእነርሱ ጋር ነበረች። የወይዘሮ ምትኬ ባል፣ የዕድሩ ሰብሳቢ፣ እርሱም ነበረ።

የዚህን ሰብሳቢ ስም አልነግራችሁም። ስሙን ብነግራችሁ እርሱን ታስባላችሁ። ዛሬ ራሳችሁን እንድታስቡ እፈልጋለሁ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። በአንዲት የደቡብ ከተማ የሚኖር፣ እንደ እኛ የወንጌል አማኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበረ። የታመመ ይጠይቃል፤ የተጣላ ያስታርቃል። መሠረት የምትባል ሴት ልጅ አለችው። መሠረት በአንድ ዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የዚያ አገር ሕግ እንደ እርሷ ያሉ አማኞች ተሰብስበው እንዲያመልኩ አይፈቅድም። ስለዚህ በዕረፍት ቀኗ ከጥቂት የአገሯ ልጆች ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል ይሰበሰባሉ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ይጋርዳሉ። መዝሙሩን በሹክሹክታ ይዘምራሉ።

በሹክሹክታ መዝሙር ዘምራችሁ ታውቃላችሁ? ከባድ ነው።

አባቷ እሑድ እሑድ በጉባኤ መካከል ይነሣና «ለልጄ ጸልዩልኝ፤ የዚያን አገር ሕግ እግዚአብሔር ይለውጥልን» ይላል። ጉባኤውም ይጸልያል። አንዳንዱ ያለቅሳል።

አሁን ስለ ድንኳኑ ልንገራችሁ።

ድንኳኑን የሰፋው ሟቹ ነው። አቶ ሸምሱ ይባላል፤ ሙስሊም ነው። ዕድሩ ሲመሠረት ሸራ ተገዛ፤ አቶ ሸምሱ በራሱ የስፌት መኪና፣ ያለ ዋጋ ሰፋው። በዚያን ጊዜ በዕድሩ ውስጥ የሚበዙት ሙስሊሞች ነበሩ። አንድ ነጋዴ መጣና «ሸምሱ፣ ግንባሩ ላይ ጨረቃና ኮከብ አድርግበት፤ ያምራል» አለው።

ሸምሱ ቀና ሳይል መለሰለት። «ለጥላ ነው የምሰፋው፤ እንዲሰብክ አይደለም።»

ድንኳኑ ባዶውን ቀረ። በዚያ ድንኳን ሥር ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ የእኛም ሰዎች ሙታናቸውን አለቀሱ። ዝናብ ሲመጣ ሁሉንም አስጠለለ። ፀሐይ ሲወጣ ሁሉንም ጋረደ።

ዓመታት አለፉ። ከተማዋ ተለወጠች። በዕድሩ ውስጥ የሚበዙት የእኛ ሰዎች ሆኑ። አንድ ቀን በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ተነሣና «የድንኳኑ ግንባር ላይ ‘ኢየሱስ ጌታ ነው’ ተብሎ ይጻፍ» አለ። «ለጌታ ክብር ነው። ማንን ይጎዳል?»

አቶ ሸምሱ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። አርጅቷል። «ልጆች፣» አለ፣ «እኔ ለጥላ ነው የሰፋሁት፤ እንዲሰብክ አይደለም።»

አንድ ቀልደኛ «ጋሽ ሸምሱ፣ ድንኳኑ ከሰበከልንማ ፓስተሩ ሊያርፍ ነው!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ሸምሱም አብሮ ፈገግ አለ።

እጅ ወጣ። በብዙ ድምፅ አለፈ። ግንባሩ ላይ በቀይ የዘይት ቀለም፣ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ ተጻፈ።

ወገኖቼ፣ ቃሉ ሐሰት ነው? አይደለም፤ ሕይወታችን ነው። ሕግ ተጣሰ? አልተጣሰም፤ እጅ ወጥቷል። ሰው ተሰደበ? ማንም አልተሰደበም። ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ቆዩ። ሰው እስኪሞት ቆዩ።

በዚያች ማክሰኞ አቶ ሸምሱ ሞተ። ሬሳው ቤት ውስጥ እየታጠበ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ይቀበራል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹም የስፌት ቤት ነው። ሚስቱ ወይዘሮ ዘሀራ ሦስት ቀን ለቅሶ ትቀመጣለች። ሰው የሚያስተዛዝናት ድንኳን ካለ ነው። ድንኳን ከሌለ በሐምሌ ዝናብ ማን ደጅ ይቀመጣል? ደግሞም በዚያ ሰፈር ያለ ድንኳን ማልቀስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ሰው የላትም» ማለት ነው።

ጎረምሶቹ ድንኳኑን ተከሉት። ሙዘይን ከቤት ወጣ። ግንባሩን አየ። ጽሑፉን አነበበ።

«ጋሼ፣» አለ ለሰብሳቢው፣ «በዚህ ሥር አንቀመጥም።»

«ለምን?»

«ያውቁታል ለምን እንደሆነ።»

«ልጄ፣ ደንቡ ለእያንዳንዱ አባል ድንኳን ይተከላል ይላል። ይኸው ተከልን። አንቀመጥም ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ተክላችኋል፤ ግን ለራሳችሁ ነው የተከላችሁት። ጋሼ፣ እኛ እናንተ ኢየሱስ የምትሉትን ዒሳን አንሰድብም። ነቢያችን ነው። ግን አባቴ ያላመነበትን ነገር ግንባር ላይ ለጥፌ አባቴን ልሸኝ? ነገ እርስዎ ቢሞቱ፣ የእኛን ቃል ድንኳኑ ላይ ጽፈን ብንመጣ፣ መሠረት ትቀመጥበት ነበር?»

መልስ ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «በእጅ ብልጫ ያለፈ ነገር ነው!» አለ ሰብሳቢው።

አቶ ላምቤቦ መሐል ገቡ። «ኧረ ቀስ በሉ፣ ሬሳ አለ። ድንኳኑን እናዙረው። ግንባሩ ወደ ቤቱ ይሁን፣ ከመንገድ አይታይ።»

ጎረምሶቹ ነቅለው አዙረው ተከሉት። ጽሑፉ በቀጥታ ከቤቱ በር ፊት ለፊት ሆነ። ሬሳው የሚወጣው በዚያ በር ነው።

አንዲት ሴት «እንዴ! ሰውዬው በሕይወት ሳለ አልሰማም ብሎ፣ አሁን ሬሳውን ልትሰብኩ ነው?» አለች። ስታለቅስ የነበረችውም ሳትቀር ሳቅ አመለጣት።

«አንሶላ እንጣልበት» አሉ አቶ ላምቤቦ።

ሰብሳቢው እጁን ዘረጋ። «አይሆንም! የጌታዬን ስም በአንሶላ አልሸፍንም። ማንም አይሸፍነውም።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ አትፍረዱበት። ይህ ሰው የጌታውን ስም ከልቡ ይወዳል። ስሙን መሸፈን መካድ መሰለው። ሙዘይን ከድንኳኑ ሥር አልገባ አለ፤ ሰውየው ጽሑፉን አላስነካ አለ። ሁለቱም ስለ እምነታቸው ቆመው ነበር። ጽሑፉ ግንባሩ ላይ እስካለ ድረስ አንዱ የግድ መሸነፍ ነበረበት።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ዘሀራ ወጣች። ሻርፗን ተከናንባለች። ሰማዩን አየች፤ ጠቁሯል።

«ተዉት፣» አለች። «ያለ ድንኳን አለቅሳለሁ። ሸምሱ ከእናንተ ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ በሬሳው ላይ አትጣሉብኝ። ንቀሉና ሂዱ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጎረምሶቹ ሰብሳቢውን አዩ። ሰብሳቢው መሬቱን አየ።

ወይዘሮ ምትኬ ወደ ባሏ ቀረበች። እንደ ሁልጊዜው በልጃቸው ስም ጠራችው።

«የመሠረት አባት።»

«አቤት።»

«እሑድ ለማን ነበር የጸለይነው?»

ሰውየው ወደ ቀዩ ጽሑፍ ዞረ።

«እኮ፣ ለማን ነበር?»

«ለመሠረት።»

«ምን ብለን?»

ምን ብሎ ይመልስ? «ብዙዎቹ የራሳቸውን ሃይማኖት በሕጋቸው ግንባር ላይ ጽፈውታልና ልጄ ጥላ አጣች» ብሎ አልነበር የጸለየው? ዘሀራም በራሷ ደጃፍ፣ ባሏ በሰፋው ድንኳን ፊት፣ ጥላ አጥታ ቆማለች።

ሰውየው ለሙዘይን «ምላጭ አላችሁ?» አለው።

ሙዘይን ከአባቱ የስፌት መኪና መሳቢያ ምላጭ አመጣለት። ሰውየው ወንበር ላይ ወጣ። የግንባሩ ሸራ ለብቻው ተሰፍቶ የተቀጠለ ነበር። ስፌቱን መፍታት ጀመረ። የአቶ ሸምሱ ስፌት ቀላል አልነበረም፤ ድርብ ነው። ጣቱን ቆረጠው። አቶ ላምቤቦ «አምጣ ላግዝህ» ቢሉት «እኔ ነኝ ያስጻፍሁት» አላቸው።

ግንባሩን ሲጨርስ አልጣለውም፤ አልረገጠውም፤ አልሸፈነውም። አጥፎ ለሚስቱ ሰጣትና «ቤታችን ውሰጂው» አላት።

ድንኳኑ በአንድ በኩል ክፍት ሆኖ ቀረ። ከቀብር መልስ ዝናቡ መጣ። ወይዘሮ ዘሀራ በመካከል ተቀመጠች፤ ሴቶቹ ከበቧት። በክፍቱ በኩል፣ ዝናቡ በሚገባበት ቦታ ላይ፣ ጀርባውን ለዝናቡ ሰጥቶ የተቀመጠው ሰብሳቢው ነበር። ሙዘይን «ጋሼ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ» አለው። «እዚህ ይሻለኛል» አለ። ሦስቱንም ቀን እዚያው ተቀመጠ።

ወገኖቼ፣ ሕግ ድንኳን ነው። የአንድ አገር ሕግ ለአገሩ ሰው ሁሉ የተተከለ ድንኳን ነው። ዝናብ ሲመጣ ሃይማኖት አይጠይቅም።

በዓለም ላይ ስንት ድንኳን ግንባሩ ላይ ተጽፎበታል? በአንዱ አገር እምነቱን የለወጠ ሰው ይታሰራል። በሌላው አገር ሰው ልጁን ስለ አምላኩ እንዳያስተምር ይከለከላል። በአንዱ አገር መስጊድ አይሠራም፤ በሌላው ቤተ ክርስቲያን አይሠራም። የጻፈው ሁልጊዜ የበዛው ነው። የበዛውም ሁልጊዜ «ማንን ይጎዳል?» ይላል። ማንን እንደሚጎዳ ጥቂት ሆኖ ያላየው እንዴት ያውቃል?

የእኛ አገር ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ይህን ስትሰሙ ምን ይሰማችኋል? ጥቂት በምትሆኑበት ከተማ ስትኖሩ ደስ ይላችኋል። በምትበዙበት ከተማ ስትኖሩስ? እውነቱን ተናገሩ። ቀበሌውን የእናንተ ሰዎች ሲሞሉት፣ ትምህርት ቤቱን የሚመራው የእናንተ ወንድም ሲሆን፣ ዕድሩ በእጃችሁ ሲገባ፣ ያን ጊዜስ ይህን የሕገ መንግሥት ቃል ትወዱታላችሁ?

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ታዲያ እምነታችንን እንደብቅ?» ትላላችሁ። ማን ደብቁ አላችሁ? ሰውየው ደበቀ? ወደ ቤቱ አስወሰደው እንጂ! በቤታችሁ ጻፉት። በደጃችሁ ጻፉት። በአፋችሁ ተናገሩት፤ የሚሰማችሁ ካለ ይስማ፤ ያልወደደ ይሂድ። መስበክ የእናንተ ሥራ ነው። እንዴት ለድንኳን ትሰጡታላችሁ? ጎረቤቱን በፍቅር መድረስ ያቃተው ሰው ነው ሕግ እንዲሰብክለት የሚፈልገው።

ጌታችን በግርግም ሲተኛ በግርግሙ ላይ ማን ጻፈበት? ማንም አልጻፈም። ግን እረኞቹ አገኙት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ። በመጋረጃ ጀርባ በሹክሹክታ ለሚዘምሩት ጸልዩ። ስትጨርሱ ተነሡና በሰፈራችሁ ውስጥ በእናንተ ምክንያት በሹክሹክታ የሚያመልክ ሰው እንዳለ ተመልከቱ። ካለ፣ ምላጩን ሌላ ሰው እንዲያነሣ አትጠብቁ። ያስጻፈው ይፍታው።

ሰውየው ምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። በቀጣዩ ስብሰባ ዕድሩ ያለ ውሳኔ ንብረት አበላሽተሃል ብሎ ቀጣው፤ ከሰብሳቢነትም አነሣው። ሁለት አባላት ተቆጥተው ከዕድሩ ወጡ። መሠረት አሁንም በዚያው አገር ናት፤ አሁንም በሹክሹክታ ትዘምራለች። ቀዩ ጽሑፍ በሰውየው ቤት በር ላይ ተሰቅሏል። የድንኳኑን አዲስ ግንባር ሙዘይን በአባቱ መኪና ሰፋው፤ ምንም አልተጻፈበትም።