የጣዎሱ አንገትና የእልፍነሽ ዶሮዎች

በሰፈራችን አንድ ሰው ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ሲጀምር ሽማግሌዎቹ ተያይተው ጣል የሚያደርጓት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ግራ ይጋባል፤ እኛ ግን መነሻዋን ስለምናውቅ እንስቃለን።

የጅማው አሰግድ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል የእንጨት መሥሪያ አድርጓት፣ ስለቷ እንደ ክር የቀጠነች የኤሌክትሪክ መጋዝ ተክሎባታል። ዋንዛ ላይ ወፍና ሐረግ ሲፈለፍል ረኀቡንም ይረሳል። ሚስቱ እልፍነሽ ደግሞ ያችን ክፍል ለዶሮ ርባታ ትመኛታለች።

“ቅዳሜ እማዬ ከአጋሮ ትመጣለች። ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለው የእንጨት ጣዎስ ሠርተህ ከሰጠሃት ክፍሏ ያንተ ናት። ካልሆነ ግን ለዶሮዎቼ ትለቃለህ” አለችው።

“ጣዎስ ብቻ? ጭራውን ዘርግቶ የሚንጎራደድ ነው የምሠራላት!” አለ አሰግድ ደረቱን ነፍቶ።

አሰግድ የሥራውን ደንብ አሳምሮ ያውቃል፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያስተምር የኖረውም እሱ ነው። መጀመሪያ መሀሉ በትራፓኖ ይበሳል፣ ስለቱ በቀዳዳው ገብቶ ይወጠራል፣ የላባው ጌጥ ሁሉ ተፈልፍሎ ሲያልቅ ነው ዳሩ የሚቆረጠው። እስከዚያ ሰፊው ጣውላ ለእጅ መያዣ ይሆናላ! ቅዳሜ ግን አማቱ እማማ ጥሩዬ በማለዳ ደርሰው በሩ ላይ ሲቆሙ ልቡ ጮቤ ረገጠ። ወፉ ቶሎ እንዲታያቸው ብሎ ዳር ዳሩን ዞሮ ቆረጠና ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

“እሰይ! እጅህ ይባረክ!” ብለው እልልታቸውን አቀለጡት።

አሰግድ እየተፍነከነከ ወደ መሀሉ ተመለሰ። አሁን ጣት ማሳረፊያ የለም። ቀጭኑ ጣዎስ ከስለቱ ጋር ይዘል ጀመር፤ ጫን ቢለው ባሰበት፤ ቀጭ! አንገቱ ተቀነጠሰ። አሰግድ እንባው በዐይኑ ሞላ። ክፍሏ መሄዷ ነው።

ይሄኔ ከሳሎን ጩኸት ተሰማ። ለካ እልፍነሽ ማሸነፏን ሳታረጋግጥ ጠዋት ገበያ ወርዳ ዶሮዎቿን ገዝታለች! ማስገቢያ ስታጣ ሳሎን ውስጥ አኖረቻቸው፤ እነሱም እስራቸውን ፈተው አውራው ቴሌቪዥን ላይ ወጥቷል፣ ሴቶቹ ዶሮዎች ዕቃ ያንኮታኩታሉ።

“እማዬ፣ ኧረ ያዢልኝ!” ትላለች እልፍነሽ ላባ ለብሳ።

አሰግድም የተሰበረውን ጣዎስ እንደያዘ እየሮጠ መጣ፤ እማማ ጥሩዬ የክፍሏን ውርርድ ከሁለቱም ሰምተው ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። “ዶሮዎቹ ከእኔ ጋር አጋሮ ይሄዳሉ፤ እዚያ ቆጥ አላቸው። አንተም ክፍልህ አትነካም፤ ሌላ ጣውላ አምጣና ከመሀሉ ጀምር። ጣዎሴን ሳልይዝ አልሄድም!”

አሰግድ ከደስታው ብዛት ጉልበታቸውን አቅፎ ሳመ። እልፍነሽ አኮረፈች።

“እሱ ወፉን ሰብሮ እኔ ዶሮዬን ልቀማ? ምን አጥፍቼ?”

“ሁለታችሁም ያው ናችሁ፣ ልጄ” አሉ እማማ ጥሩዬ፣ ከነጠላቸው ላይ ላባ እያራገፉ፤ “ዳሩን ያስቀደመ ለመሀሉ መያዣ ያጣል!”