ምንጩ ራስ ላይ የቀረው ጉቶ

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም እህል ለማዝራት የሚመች ነበር። ቃል የሚቆጥብ አንድ ገበሬ፣ ደምለው የሚባል፣ አውድማውን ጥሎ ልጁን ስመኝን ወደ ከተማ ይዟት ሄደ። የስመኝ የመጨረሻዋ መንጋጋ በጎን በቅላ ድዷን አሳብጣዋለች፤ ስመኝ አፏን ከፍታ መጉረስ ካቃታት ሰንብቷል።

የጥርስ ሐኪሙ ራጁን አገላብጦ አየ። «አባቴ፣ ይህችን እኔ አልነቅላትም። ስፔሻሊስት ትያት።»

«ጉጠቱ እጅህ ላይ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ሥሯ ቀላል ቢሆን እዚሁ እነቅላት ነበር። ግን ለከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ላይ ተኝታለች፤ ብነካው ከንፈሯ ደንዝዞ ሊቀር ይችላል።»

«ፈሪ ነህ» ብሎት ደምለው ልጁን ይዞ ወጣ፤ ወደ ስፔሻሊስቷም ሄዱ።

ስፔሻሊስቷ ደግሞ ራጁን ከማየቷ በፊት ስመኝን ጠየቀቻት፦ ስንት ጊዜ አበጠብሽ? ያተኩስሻል? መግል አለው? ቆይታ «ላዩን ቆርጬ አወጣለሁ፤ ሥሩ እዚያው ይቀራል» አለች።

ደምለው ከወንበሩ ተነሣ። «ሥሩ ከቀረ ምኑን ተነቀለ? ተነሽ ስመኝ! የመንደራችን ነቃይ ባንድ ጉተታ ይገላግልሻል።»

ስመኝ ጉንጯን እንደያዘች አልተነሣችም። «አባ፣ ምንጩ ራስ ላይ የነበረውን ወይራ ስትቆርጥ ጉቶውን ለምን ተውኸው?»

«ሥሩ ቢነቀል ዳሩ ተንዶ ምንጩን ይደፍነዋላ።»

«ያኔ መንደሩ ሁሉ ሰነፍ ብሎህ ነበር።»

ደምለው ወደ ራጁ ተጠጋ። ዓይኑን አጥብቦ ብዙ አየው።

«ምንጩ የቱ ጋ ነው?»

ስፔሻሊስቷ ሳቀችና ከጥርሱ ሥር የምታልፈውን ቀጭን መስመር በጣቷ አሳየችው። «ይኸውልዎ።»

«መልሶ አያቆጠቁጥም?»

«እንደ ወይራ አያቆጠቁጥም። አጥንት ይሸፍነዋል።»

«እንግዲያው ቁረጪው» አለ።

ሲመለሱ በመጀመሪያው ሐኪም በር ቆመ፤ ባርኔጣውን አውልቆ «ፈሪ ያልሁህን መልሼ ወስጃለሁ» አለውና ወደ አውድማው ሄደ።

ጉጠት የሚይዝ እጅ ብዙ ነው። ከመንቀሉ በፊት ከሥሩ ምን እንዳለ የሚያይ፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆንም ወደሚችለው የሚልክ ግን ጥቂት ነው። እናንተስ ፈሪ ያላችሁት ሰው ያን ጊዜ ከምን ሊያተርፋችሁ ነበር?